ዘውድና ጎፈር

«ጻፍ። ዘውድ፤ የዳግማዊ ምኒልክ ምስል፣ ዘውድ የደፉ፣ ወደ ቀኝ የዞሩ። ጎፈር፤ አንበሳ፣ ሰንደቅ የያዘ፣ የፊት ግራ እግሩን ያነሣ።»

እጽፋለሁ። መምህሬ ሳንቲሙን በሁለት ጣታቸው ጠርዙን ይዘው፣ አጉሊ መነጽራቸውን ወደ መብራቱ አስጠግተው፣ የተናገሩት ልክ መሆኑን እንደገና ያያሉ። ከዚያ ዝም ይላሉ። ዝም ሲሉ አንድ ነገር እንዳልጣማቸው አውቃለሁ።

«ቆይ፤ ግራው የማን ግራ ነው? የአንበሳው ወይስ የተመልካቹ?»

ጊዜው የ1984 ዓ.ም. ክረምት ነበር። እኔ የ23 ዓመት ልጅ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነኝ። እሳቸው ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው፤ እኔንም ሰባተኛ ክፍል አስተምረውኛል። አንድ ቀን መንገድ ላይ አግኝተውኝ ምን እንደምሠራ ጠየቁኝና ስነግራቸው ፊታቸው በራ። «እንግዲያው አሥር ጣት አገኘሁ» አሉ። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜና እሑድ ማታ ማታ ቤታቸው እየሄድኩ የኢትዮጵያን ሳንቲሞች ካታሎግ በአማርኛ ስንጽፍ ሁለት ዓመት ተኩል አለፈ።

ስሙን ያወጡት በመጀመሪያው ምሽት ነው። የውጭ ካታሎጎች ለሳንቲም ሁለት ጎኖች የየራሳቸው መጠሪያ አላቸው። እኔ «ፊት» እና «ጀርባ» ብንል ብዬ ነበር። መምህሬ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ኳስ ሜዳ ላይ ልጆች ሳንቲም ወደ ላይ ሲወረውሩ ምን ይላሉ? ዘውድ ወይስ ጎፈር! ሕዝቡ ስም አውጥቶለታል፤ እኛ ምን አስጨነቀን?» ዘውድ የንጉሡ ጎን፣ ጎፈር የአንበሳው ጎን ሆነ። ደርግ በ1969 ዓ.ም. ባወጣቸው ሳንቲሞች ላይ ስንደርስ ግን ቃላችን ፈተና ገጠመው። ዘውድ የለም። ጎፈር ያለው የአንበሳ ራስ የንጉሡን ቦታ ይዟል፤ በሌላው ጎን በአንድ ሳንቲም ላይ በሁለት በሬ የሚያርስ ገበሬ፣ በአምስት ሳንቲም ላይ ወታደር፣ በአሥር ሳንቲም ላይ የደጋ አጋዘን አለ። መምህሬ ሁለት ሳምንት አሰቡበት። በመጨረሻ በመግቢያው ላይ እንዲህ አስጻፉኝ፦ ዘውዱ በቀረበት ዘመን ጎፈሩን በስሙ እንጠራለን፣ ሌላውን ጎን በምስሉ እንጠራለን። አንድ መንግሥት ወድቆ ሌላ መንግሥት መተካቱን ከዚያ ዓረፍተ ነገር በላይ በአጭሩ የነገረኝ የለም።

ጠረጴዛቸው ላይ ሁለት መጻሕፍት ነበሩ። አንደኛው የአሜሪካው የዓለም ሳንቲሞች ካታሎግ ነው፤ ሽፋኑ የተቀደደ፣ እንደ ስልክ ማውጫ የወፈረ፣ ውጭ አገር የሄደ የቀድሞ ተማሪያቸው የላከላቸው። ሁለተኛው በ1991 እ.ኤ.አ. የወጣው የዴኒስ ጊል መጽሐፍ ነው፤ የኢትዮጵያን፣ የኤርትራንና የኢጣሊያ ሶማሊያን ገንዘብ የያዘ። ወፍራሙን መጽሐፍ የጀመሩት ሰው ቸት ክራውዝ ይባላሉ። ዊስኮንሲን ውስጥ አዮላ የምትባል ትንሽ ከተማ ሰው ነበሩ፤ ሙያቸው አናጢነት ነበር። በ1952 እ.ኤ.አ. የሳንቲም ሰብሳቢዎች ጋዜጣ ጀመሩ፤ በ1972 ከክሊፎርድ ሚሽለር ጋር ካታሎጉን አወጡ። መምህሬ ይህን ታሪክ በጣም ይወዱት ነበር። «አናጢ ነዋ! አናጢ ሳይለካ አይቆርጥም» ይሉ ነበር።

የዚያን መጽሐፍ ጥቅም ያስረዱኝ በአንድ ቁጥር ነው። በካታሎጉ ውስጥ እያንዳንዱ ሳንቲም ቁጥር አለው፤ ቁጥሩ ከክራውዝና ከሚሽለር ስሞች መነሻ ፊደላት ጋር ይጠራል። አዲስ አበባ ያለ ሰብሳቢና ቶኪዮ ያለ ሰብሳቢ አንዱ የሌላውን ቋንቋ ባያውቁም፣ አገሩንና ቁጥሩን ከጠሩ ስለ የትኛው ሳንቲም እንደሚነጋገሩ ይግባባሉ። አገራችን በፊደል ተራ ከኢስቶኒያ ቀጥላ ተቀምጣለች። የግዕዝ አኃዝ ማንበቢያ ሠንጠረዥም አለ። መምህሬን ያንገበገባቸው ይህ ነበር። ፈረንጁ ሠንጠረዡን እያየ ፲፰፻፹፯ የሚለውን 1887 ብሎ ያነባል፤ እዚሁ ያደገ ልጅ ግን የአያቱን ብር ይዞ ዓመቱን ማንበብ ያቅተዋል። «የራሳችንን ገንዘብ ለማወቅ የሰው ቋንቋ መማር የለብንም» አሉኝ። መጽሐፉን ያስጀመራቸው ቁጭት ይህ ነው።

ደንባቸው ጥብቅ ነበር። እያንዳንዱ ዓመት የማን ዓመት እንደሆነ ይጻፋል፤ የእኛ ከሆነ ዓ.ም.፣ የፈረንጅ ከሆነ እ.ኤ.አ.። ፓሪስ ተመትቶ የመጣው የምኒልክ ብር 1887 ይላል፤ ይህ በፈረንጅ 1894 እና 1895 ነው፤ ይህን ያላስተዋለ ሰው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይሳሳታል። ክብደቱ በአንጥረኛ ሚዛን ሦስት ጊዜ ይለካል። ሥዕሉ የሚነሣው ስስ ወረቀት ሳንቲሙ ላይ አንጥፎ በለስላሳ እርሳስ በማሸት ነው። በየመግለጫው መጨረሻ ደግሞ ከሦስት ቃላት አንዱ ይቀመጣል፦ «አይቻለሁ»፣ «አንብቤአለሁ»፣ «ሰምቻለሁ»። በእጃቸው ይዘው ላላዩት ሳንቲም «አይቻለሁ» ብለው አያውቁም። አንድ ጊዜ እኔ ለማስዋብ ብዬ «ሰምቻለሁ» የሚለው ሲበዛ አንባቢ እንዳይንቀን ፈራሁ አልኳቸው። «ልጄ፣ ያላየውን አላየሁም ያለ ሰው አይቻለሁ ሲል ይታመናል» አሉኝ።

ሥራው እየገፋ ሲሄድ አንድ ነገር ታየን። ገንዘባችን ዓመቱን አንዴ ከጻፈ ብዙ ጊዜ አይለውጥም። ጠገራ ብር ላይ ያለው ዓመት 1780 ነው፤ የኦስትሪያዋ እቴጌ ማሪያ ቴሬዛ የሞቱበት። ከዚያ ወዲህ በቪየናም በሌላም ከተማ ሲመታ ኖሮ ዓመቱ ያው 1780 ነው። ኢጣሊያ ለወረራው ስትዘጋጅ፣ በ1935 እ.ኤ.አ. ቅርጹን ከኦስትሪያ ወስዳ ሮም ውስጥ አስመታችው፤ ብዙም ሳይቆይ እንግሊዞች ለንደን ላይ መቱት፤ ሁሉም 1780 ይላል። የምኒልክ ግርሽ 1895 ብሎ ለብዙ ዓመታት ተመትቷል። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሳንቲም 1936 እንዳለ ዘመኑን ጨረሰ። የደርጉም 1969 እንዳለ ደርግ ራሱ ካለፈ በኋላ በእጃችን ይመላለስ ነበር። እንግዲህ በሳንቲሙ ላይ ያለው ዓመት የተወለደበትን ቀን አይነግርም። የሚነግሩት ጥቃቅን ምልክቶች ናቸው። የ1969ኙን አንበሳ አገጭ በአጉሊ መነጽር ያየ ሰው፣ በአንዳንዱ ላይ በግራ በኩል ሁለት ረጃጅም ጢም ያገኛል፤ በሌላው ላይ ጢሙ ሁሉ እኩል ነው። አንዱ እንግሊዝ አገር፣ ሌላው ጀርመን አገር ስለተመታ ነው። በየቀኑ ለታክሲ ስከፍለው የኖርኩትን ሳንቲም ያን ዕለት ማታ ገና አየሁት። በማግስቱ ኪሴ ያለውን ዝርዝር ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ዘርግፌ ጢም ስቆጥር እናቴ አበደ ብላ ነበር።

ይህን የመሰለ ዕውቀት ከመጽሐፍ በፊት በአገራችን ነበረ። የመምህሬ አማች ሰማንያ ያለፋቸው፣ ፊደል ያልቆጠሩ አዛውንት ነበሩ። አንድ ምሽት ሦስት ጠገራ ሰጠናቸው። ወደ ዓይናቸው እንኳን አላስጠጉትም። አውራ ጣታቸውን በእቴጌይቱ ትከሻ ላይ ባለው ጌጥ አሳለፉ፤ ዕንቁዎቹን በጣታቸው ቆጠሩ፤ ከዚያ ወደ ራስ ጌጧ ሄዱ፤ በመጨረሻም ጠርዙን አዞሩ፤ ጠርዙ ከፍ ባሉ ፊደላትና ጌጦች የተከበበ ስለሆነ የተላጨ ብር ወዲያው ይታወቃል። «ይቺ ደህና ናት፤ ይቺም ደህና፤ ይቺን ግን እኔ አልቀበልም» አሉ። ሦስተኛዋ ዕንቁዋ ታሽቶ የጠፋ ነበረች። ምኒልክ በስማቸው ብር ሲያስመቱ ገበያው ለረጅም ጊዜ ጠገራውን መምረጡ ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ሕዝቡ ጠገራውን ያነበው ነበር፤ አዲሱን ገና አላጠናውም። መምህሬ አማቻቸውን ሲያዩ ቆይተው ወደ እኔ ዞሩ። «የምንጽፈው የእሳቸውን ጣት ነው» አሉ። «ይህች ጣት ስታልፍ ዕውቀቱ አብሮ እንዳይቀበር።»

መጀመሪያ ላይ ሚዛን የሚያውሱን ፒያሳ ያሉ አንድ ሽማግሌ አንጥረኛ ነበሩ። አንድ ቅዳሜ ሚዛን ልንወስድ ስንገባ ወናፉ ይነፋል፤ ለመስቀል የሚሆን ብር ሊቀልጥ ነው። ከሚቀልጠው ክምር ውስጥ አንድ የምኒልክ ብር መምህሬ ዓይን ውስጥ ገባ። ፊደሉ ጥርት ያለ ነበር። አልጮኹም፤ አልለመኑም። ከኪሳቸው አንድ ያረጀ ጠገራ አውጥተው በሚዛኑ በአንዱ ሳህን ላይ አኖሩ፤ ምኒልክን በሌላው። ሚዛኑ ጥቂት ዋዥቆ ቆመ። የምኒልክ ብር ሲመታ ክብደቱ 28.075 ግራም ነው፤ ጠገራው 28.0668። በዱሮው አነጋገር ሁለቱም አንድ ወቄት ናቸው፤ የወቄት ልኩ ራሱ ጠገራው ነበርና። አንጥረኛው ሚዛኑን አዩ፣ መምህሬን አዩ፣ ሳቁ። «ለእኔ ብር ብር ነው፤ ይውሰዱት» አሉ። ጠገራው እሳት ገባ፤ ምኒልክ ተረፉ። በካታሎጋችን ላይ የሠፈረው የምኒልክ ብር ሥዕል የዚያ ቀኑ ነው።

የተጣላንበትም ጉዳይ ነበር፤ ዋጋ። ሰብሳቢ መጽሐፍ ሲገዛ አስቀድሞ የሚፈልገው ዋጋ ነው። የአሜሪካ ሳንቲሞች መመሪያ የሆነው ቀዩ የዮማን መጽሐፍ እንኳ ከ1946 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዋጋ እያደሰ በመውጣቱ ነው በየቤቱ የገባው። እኔም ዋጋ ካልጻፍን ማን ይገዛናል ብዬ ተሟገትኩ። መምህሬ ለኋለኛው ዘመን ገንዘብ ለዘብ ብለውልኝ ነበር፤ አክሱም ላይ ስንደርስ ግን ሙሉውን ዓምድ ሰረዙት። አክሱም ከንጉሥ እንዱቢስ ጀምሮ የራሷን ገንዘብ የመታች ናት፤ በወርቅ፣ በብር፣ ኋላም በነሐስ፤ በንጉሥ ኢዛና ዘመን ጨረቃና ፀሐይ የነበሩበት ቦታ መስቀል ገባ። ዝናብ ሲያባራ ልጆች ከእርሻው ላይ ሳንቲም ለቅመው ለቱሪስት ይሸጣሉ። «አንድ መስመር ዋጋ ከጻፍን አንድ ጉድጓድ አስቆፈርን ማለት ነው» አሉ። በ1977 እ.ኤ.አ. የመን ውስጥ አል-ማዳሪባ በሚባል ቦታ 868 የአክሱም ወርቅ ከ326 የሮም ወርቅ ጋር በአንድነት ተገኝቷል። አብሮ ተገኝቶ፣ አብሮ ተቆጥሮ፣ አብሮ ስለተጻፈ ነው ቀይ ባሕርን ስለተሻገረው ንግድ የሚናገረው። አንድ በአንድ በየኪሱ ተበትኖ ቢሆን ወርቅ ብቻ ይሆን ነበር። መምህሬ አንድም የአክሱም ሳንቲም በቤታቸው አላኖሩም። ለሙዚየም ይገባል አሉ፤ በካታሎጉም ከየገጹ ግርጌ ይህንኑ አጻፉ። ያን ጊዜ አኩርፌ ነበር። ዛሬ እኔም አልጽፍም።

ለማሳተም ስንነሣ ጣጣው መጣ። አንድ ማተሚያ ቤት ሥዕሎቹን ወስዶ ናሙና አመጣልን። ገጹ እንዲያምር ብሎ ሳንቲሞቹን ሁሉ በአንድ መጠን አድርጓቸዋል፤ አንድ ሳንቲሙና የምኒልክ ብር እኩል ሆነዋል። መምህሬ ናሙናውን ከሳንቲሙ ጋር አነባበሩትና ዝም አሉ። ልኩን የሚያስተካክል ሌላ ክሊሼ ለማሠራት ደግሞ ገንዘባችን አልበቃም። ስለዚህ በስቴንስል አባዛነው፤ ሥዕሉን በእጅ በልኩ ገልብጠን፣ 84 ገጽ፣ 50 ቅጂ፣ ሽፋኑ ሰማያዊ ካርቶን። የተቀበለውን ሰው ሁሉ ስምና አድራሻ መምህሬ በደብተር ጻፉ። እኔ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፤ ከስሜ ጋር የወጣ የመጀመሪያው መጽሐፍ ነው።

በአምስተኛው ወር አንድ ወጣት ቤታቸው መጣ፤ ከሃምሳዎቹ አንዱን የወሰደ ተማሪ ነው። አያቱ የተዉለት አንድ የምኒልክ ብር ነበረው። መጽሐፋችንን ሲያገኝ ሚዛን ላይ አወጣው፤ 27.9 ግራም ሆነ። መጽሐፉ 26.075 ይላል። አገልግሎ ያለቀ ብር ይቀላል እንጂ አይከብድም፤ እንግዲያው ሐሰተኛ ነው ብሎ አንጥረኛ ዘንድ ወሰደው። አንጥረኛው ብርነቱን አልካደም፤ ልጁ ግን መጽሐፉን አመነ። በብርነቱ ሸጠው፤ ቀለጠ። የመጣው ለመክሰስ አልነበረም። ሐሰተኛ የምኒልክ ብር አይቻለሁ፣ በሚቀጥለው እትም ብትጽፉት ብሎ ሊረዳን ነው የመጣው።

መምህሬ ደብተራቸውን አመጡ። በእጃቸው ጽሑፍ 28.075 ይላል። ስቴንስሉን የመታሁት እኔ ነኝ። ስምንቱን ስድስት ያደረግሁት፣ አንብቤ ያሳለፍኩትም እኔ ነኝ። ያን ሰዓት የተሰማኝን ዛሬም በሆዴ አውቀዋለሁ። አንድ ብር ከእሳት ያወጣ መጽሐፍ ሌላውን እሳት ውስጥ ጣለ፤ ጣቱ የእኔ ነበር።

እስኪቆጡኝ ጠበቅሁ፤ አልተቆጡም። ለልጁ ያንን ከወናፍ ያተረፉትን የምኒልክ ብር አውጥተው ሰጡት። «ያያትህ አይደለም፤ ግን እውነተኛ ነው» አሉት። ከዚያ የስም ደብተሩን ገለጡና «ነገ ከማለዳ እንጀምራለን» አሉኝ።

ስድስት ሳምንት ፈጀብን። ጉለሌ፣ ቄራ፣ መርካቶ፣ ኮተቤ፤ በእግር የተቻለውን በእግር፣ ያልተቻለውን በአውቶቡስ፤ አንዱን ፍለጋ ናዝሬት ድረስ ሄደናል። በየበሩ እሳቸው ባርኔጣቸውን ያወልቁና «አጥፍተናል፤ ልናርም ነው የመጣነው» ይላሉ። አንድ ጊዜ እንኳ «ልጁ አጠፋ» አላሉም። ገጹን ገልጠው በቀይ እስክሪብቶ ስድስቱን ሰርዘው ስምንት ይጽፋሉ፤ ከጎኑ ፊርማቸውን ያኖራሉ፤ እስክሪብቶውን ለእኔ ያቀብላሉ፤ እኔም እፈርማለሁ። አንዳንዱ ሰው ይገርመዋል፤ ለአንድ አኃዝ ነው ወይ ይህን ያህል መንገድ? አንድ ነጋዴ ቡና አስፈልተው ካስተናገዱን በኋላ ከሣጥን ሦስት ያላየናቸው ሳንቲሞች አወጡልን፤ መጀመሪያ ስንመጣ የደበቁን ናቸው። «ስህተቱን በእግሩ የሚመልስ ሰው አይሰርቀኝም» አሉ። ከሃምሳው አርባ አንዱን አረምን። ዘጠኙን አላገኘናቸውም። የዘጠኙ ስም ዛሬም እኔ ዘንድ ነው።

በ1995 እ.ኤ.አ. የስቱዋርት መንሮ-ሄይና የቤንት ዩል-የንሰን የአክሱም ገንዘብ መጽሐፍ ለንደን ውስጥ ወጣ፤ አንዱ የታሪክ ሰው፣ ሌላው የኦክስፎርድ ሐኪም። መምህሬ ቅጂውን ያገኙ ዕለት ለማንበብ አልቸኮሉም። መጀመሪያ መጨረሻውን ገለጡና የእርማት ገጽ መኖር አለመኖሩን አዩ። የአናጢው ካታሎግ ደግሞ እስከ 2019 እ.ኤ.አ. በየጊዜው እየታደሰ ቆይቶ፣ አሳታሚው ድርጅት ሲከስር መታተሙ ቆመ። ያን ስሰማ መምህሬ በሕይወት አልነበሩም።

ከካታሎጋችን ገጾች አንዱ ስለ ባለ 25 ሳንቲሙ ነው። የ1936ቱ 25 ሳንቲም መጀመሪያ ክብ ነበር፤ በመጠኑ ከብሩ ሃምሳ ሳንቲም ጋር ስለሚቀራረብ ኋላ ጠርዙ እንደ አበባ ቅጠል ተደርጎ ተመታ። ከሥሩ መምህሬ እንዲህ አስጽፈውኛል፦ «ክቡን መዳብ በብር ቀብተው በሃምሳ የሚያሳልፉ ነበሩ ይባላል። ሰምቻለሁ።» ብዙ ፈልገውት አላገኙትም።

ባለፈው ዓመት አንዲት የሰፈራችን እናት ሲያርፉ ልጆቻቸው የቁልፍ ሣጥናቸውን አምጥተው አሳዩኝ። ከአዝራርና ከዝገት መካከል አንድ ክብ ሳንቲም ነበር። የንጉሡ ጉንጭ ላይ ቀይ መዳብ ይታያል፤ በፊደሎቹ ሥር ግን፣ ጣት በማይደርስበት ቦታ፣ ነጭ ነገር ተጣብቋል። የድሮ አጭበርባሪ ቅብ ነው።

ቤት ይዤው ሄድኩ፤ የመምህሬን ሚዛን ዛሬ እኔ ነኝ የያዝኩት። ሦስት ጊዜ መዘንኩት። ሦስተኛውን ከሁለተኛው ጋር አስተያየሁ፤ እያንዳንዱን አኃዝ ጮክ ብዬ አነበብኩት፤ የሚያዳምጥ ሰው ግን አልነበረም። ከዚያ ሰማያዊውን መጽሐፍ ከፍቼ በቀይ እስክሪብቶ፣ «ሰምቻለሁ» ከሚለው አጠገብ፣ ክብደቱንና ቀኑን ጻፍኩ፤ ፈረምኩም። ከፊርማዬ በፊት የጻፍኩት አንድ ቃል ነው፦ አይቻለሁ።